ሠላሳ ሁለት ሜጋባይት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሊኑክሱ፣ ያ ጫኚልኝ ያልከኝ የኮምፒውተር ሲስተም፣ ገባልህ። አዎ፣ "ቆሻሻ ነው፣ ወዲያ ጣለው" ባልኩህ በዚያ የእጅ ኮምፒውተርህ ላይ። በምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ዓመት ሙሉ ዕቃ ስትቆጥርበት ኖረህ፣ አሮጌ ነው ብለው ሊያስወግዱት ሲሉ ለምነህ ያመጣኸው። ጠቅላላ ሜሞሪው ሠላሳ ሁለት ሜጋባይት! እኔ ጥገና ቤት የማየው ተራ ስልክ እንኳ በዚህ አይስቅም? አንተ ግን ድርቅ አልክ። "ባለሙያ ነኝ ትያለሽ፤ ይቺን ካልጫንሽልኝ ምኑን ባለሙያ ሆንሽ?"

ሆስፒታል ተኝተህም ይህንኑ ነበር የምትለው። "መቼ ትመጫለሽ? አብረን እንጫነው" ስትለኝ፣ "ሥራ በዝቶብኛል፣ ነገ" እልሃለሁ። ነገ፣ ነገ እንዳልኩ አመለጥከኝ።

ከቀብርህ በኋላ እማዬ ማሽኑን ቻርጀር ላይ ሰክታ ራስጌዋ አስቀመጠችው። ለምን እንደማትነቅለው ስጠይቃት፣ "እንዳትነቅይው ብሎኛል፤ ድምፁ አለበት" አለችኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር መብራት ያለው ጎረቤት ፍለጋ ይዛው ትሮጣለች።

ባለፈው ወር አንድ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ የለመንከኝን ላድርግልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ሜሞሪ ካርድህን አውጥቼ ያለበትን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩ። የድምፅ ፋይሎችም ነበሩበት። ከፍቼ ላዳምጣቸው አንጀቴ አልችል አለኝ። ከዚያ ሊኑክሱን በዚያች ሜሞሪ እስኪበቃ መቀነስ ነው። ሥዕሉን አወጣሁ፣ መስኮቱን አወጣሁ፣ ጽሑፍ ብቻ እስኪቀር ገፈፍኩት። ሦስት ጊዜ መሐል ላይ ቀጥ አለብኝ። በአራተኛው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት መውረድ ጀመሩ። "ገባ! ገባ!" ብዬ ጮህኩ። እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"ድምፁስ?" አለች።

ከካርዱ የገለበጥኩትን ከፈትኩላት። "ሳሙና አርባ ካርቶን፣ ዘይት አሥራ ሁለት" እያልክ ትቆጥራለህ።

"ይሄ አይደለም" አለች።

ክው አልኩ። ያንን ማሽን ካርዱ ላይ አስቀምጥ ካላሉት የቀዳውን በራሱ ሜሞሪ ነው የሚይዘው፤ ኃይል ከተቋረጠበት ወይም ሌላ ሲስተም ከገባበት ድራሹ ይጠፋል። ይህን ደግሞ አውቃለሁ! እንጀራዬ ነው። ለደንበኛ ሁሉ "መጀመሪያ ውስጡን ገልብጡ" የምለው እኔ ነኝ። እማዬ ሳይገባት ጠበቀችው፣ እኔ እያወቅኩ አጠፋሁት። ምነው እጄን በቆረጠው!

"ትንሽ ይቆያል እማዬ" ብዬ ዋሸኋት። "ደረሰልሽ?" ስትለኝ "አልደረሰም" እያልኩ ወር ሞላኝ። ትናንት ግን አቃተኝ፤ እግሯ ላይ ወድቄ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፀጉሬን ደባበሰችኝ።

"ስላንቺ እኮ ነው የቀዳው" አለች። "እጁ ሲንቀጠቀጥ እኔ ነኝ የያዝኩለት።"

"ምን አለ?"

"'እህቴ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ጨክናብኝ አይደለም፤ ማንም እንዳይናገራት' አለ። ከዚያ የሆነ ነገር ብሎ ሳቀ። ሌላው ጠፋኝ፣ ልጄ።"

ወንድም ጋሼ፣ ሥራ አልበዛብኝም ነበር። ሁለት ጊዜ የተኛህበት ክፍል በር ድረስ መጥቻለሁ። በበሩ መስታወት አየሁህ፤ ከስተህ ትራሱ ውጦሃል። ፈራሁ። ከግቢው ወጥቼ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩልህ። "ሥራ በዝቶብኛል" አልኩህ። አንተም "አይዞሽ፣ በርቺ" አልከኝ።

ፈሪዋ እህትህ