አባታችን ሃያ አንዱን የለዩበት ቅምሻ

ለምወድህ ወንድሜ ለፎልክማር፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ ወገብህ በባሕሩ ቅዝቃዜ ተነሣብህ ወይስ ተወህ? ባለቤትህ ረንስከስ ደኅና ናት? እናንተ ዘንድ፣ በዚያ በደቡቡ የዓለም ጫፍ፣ ክረምቱ እየገባ ነውና ልጆቹን ጉንፋን እንዳይዛቸው አደራህን። እኛ በአካል ደኅና ነን። ወይኑም አቆጥቁጧል፤ አምና የፈጀን ውርጭ ዘንድሮ እስካሁን ምሮናል። ይህን የምጽፍልህ ግን ፊቴ በሐፍረት እየነደደ ነው። ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ስነግርህ ዝም የምትለኝ ስለመሰለኝ መጻፉን መረጥኩ።

በቀደም ቅዳሜ በመንደሩ አዳራሽ የጸደዩ ቅምሻ ነበር። ጠርሙሶቹ እንደ ድሮው በጨርቅ ተሸፍነው ነው የሚቀርቡት፤ የማን ቤት፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ መለየት የቀማሹ ፈንታ ነው። ዘንድሮ የሦስት ቤት ነጭ ወይን፣ ሪስሊንጉ፣ ቀረበ፤ የእኛ፣ የጎረቤታችን የጋሽ ኦትማር፣ እንዲሁም ከከተማ መጥታ ከታች ያለውን እርሻ የገዛችው የስቬንያ። ዓመቶቹም 2021፣ 2022 እና 2023 ነበሩ።

እውነቱን ልንገርህ፤ በሃያ ሁለት ጋሽ ኦትማር በልጠውናል። በዚያ ድርቅ እኛ በቅርብ የተከልናቸው ወይኖች ቅጠላቸውን ሲያረግፉ፣ የእሳቸው አሮጌዎች ሥራቸውን ድንጋዩ ውስጥ ሰደው ውሃ አገኙ። ወይናቸው ወፈር ያለና ለስላሳ ነው፤ የእኛው አፍ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ይጠፋል። በሃያ ሦስት ደግሞ በለቀማው ሰሞን ዝናብ ወርዶ ሻጋታ ገባ። እኔ ቸኩዬ ለቀምኩ። ስቬንያ ዘለላውን እያገላበጠች የተበላሸውን ስለጣለች የእሷ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ኮክ ኮክ የሚል ሆነ። እኛን የሚያኮራን ሃያ አንድ ብቻ ነው። ያ ፀሐይ የነፈገን ዓመት፣ ሁሉም «ኮምጣጤ ነው» ብሎ ያማው። አባባ «ተዉት፣ ጊዜ ስጡት» እያሉ አቆዩት፤ አሁን ጉምዛዜውና ማሩ ታርቀዋል።

አባባ እንደ ወትሮው ከፊት ተቀመጡ። ጋሽ ኦትማር ገና ሲያዩዋቸው፣ «ኩኒበርት፣ ዘንድሮስ የራስህን ከኔ ትለያለህ ወይስ መነጽር እናምጣልህ?» አሏቸው። አባባም፣ «ያንተንማ መቅመስ አያስፈልግም፤ ከበር ላይ ራስ ያዞራል» ብለው ሰዉን አሳቁት።

ከዚያ አንዱ ጠርሙስ ተቀዳ። ብርጭቆውን ገና ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ቡሹ እንዳበላሸው አወቅኩ፤ እርጥብ ካርቶን ነው የሚሸተው። አዳራሹም አውቆ ኖሮ ሁሉም ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። አባባ ግን ጎንጨት አሉና ተነሥተው፣ «ይሄ የኛው ነው፣ ሃያ አንድ። መዓዛው ደግሞ ከቀደመው ሁሉ ይበልጣል» አሉ። እኔ ልጃቸው፣ ከሐምቡርግ የመጡት ገዢዎች ፊት ስማችን የሚጠፋ መስሎኝ፣ «አባባ፣ ይቀመጡ እባክዎ፤ ወይኑ ተበላሽቷል፤ እንዴት ይሄ አይሸትዎትም?» አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። ይባስ ብዬ ወደ ገዢዎቹ ዞሬ ሳቅኩ።

አባባ ብርጭቆውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ያኔ ጋሽ ኦትማር ያንን ብልሹ ወይን አንሥተው እስከ ጠብታው ጨለጡት። አፋቸውን ጠረጉና፣ «ኩኒበርት ልክ ነው፤ ሃያ አንድ ነው። ለኔ ጥሞኛል፣ ድገሙኝ» አሉ። ስቬንያ አየቻቸውና እሷም ጠጣች። ከኋላ ያሉትም እርስ በርስ እየተያዩ ጠጡ። ጨርቁ ሲገለጥ በእርግጥም የእኛው ሃያ አንድ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዕድሜ ልካቸውን በድንበር ከእኛ ጋር ሲናቆሩ የኖሩት ሰው የአባቴን ገመና ሲሸፍኑ፣ ገላጯ እኔ ሆንኩ።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው ብቻቸውን ወደ ቤት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቁርስ ላይ ብንገናኝም ዓይኔን አያዩም ነበር። ትናንት ምድር ቤት በርሜል ሲወለውሉ አግኝቻቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ «ከዚያ ካጣደፈኝ ጉንፋን ወዲህ ዳቦም አይሸተኝ፣ ጭስም አይሸተኝ። ምላሴ ግን ጉምዛዜውን ያውቀዋል፤ በሱ ነው የምለየው። መዓዛ ያልኩት የማስታውሰውን ነው። ካወቃችሁ ከዚህ ከወይኑ ምድር ቤት ታስወጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አሉኝ።

አንድ የሃያ አንድ ጠርሙስ ከፈትኩ፤ ይሄኛው ደኅና ነበር። «እስቲ ምን ይሸታል?» አሉኝ። ለገዢ ስደረድር የምውለው ቃል ሁሉ ጠፋብኝና «ጥሩ ነው» አልኩ። «ጥሩ ነው ብሎ ሽታ የለም፤ እንደ ሰው ንገሪኝ» አሉ። ዝናብ የመታው ድንጋይ፣ ገና የተላጠ ሎሚ፣ የደረቀ ሣር እያልኩ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ ወይኑን ግን ለሁለታችን ደግመው ቀዱ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ኦትማርን ለማመስገን ሄጄ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ምን አደረግኩና? ወይን ጠጣሁ እንጂ። ካርቶኑ ግን እስካሁን አፌ ውስጥ አለ፤ ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አሉና ሸኙኝ።

ረንስከን በእኔ ስም እቀፋት። ልጆቹን ቲልዳንና ኤሞን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴ ጌርኖት ከተራራው እርሻ ሆኖ ሰላም ብሎሃል። አባባም አሁን በበሩ ሲያልፉ ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። «ሰላም በይልኝ፤ የአዳራሹን ነገር ግን እንዳታነሺለት፤ ሩቅ ነው፣ ያዝናል» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

እህትህ መሕትሂልድ

ሽታይንሌይ፣ ከሞዘል ወንዝ ዳር
ሜይ 11 ቀን 2025