የተመለሱት የሠርግ ጥሪዎች

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመርሽ? የባልሽ ሳል ለቀቀው? እማ ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ አሁንም ትራሷ ሥር ትደብቃለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንድም ሕመም የለብኝም። ዛሬማ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛልና ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በይኝ።

እንደምታውቂው የፖስታ ቤቱ የጅምላ ደብዳቤ መቀበያ መስኮት ላይ ነኝ። ማኅበሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ነጋዴውም ብዙ ደብዳቤ ባንዴ ሲልክ ወደ እኔ ይመጣል። ደንቡ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ስም፣ ከሥሩ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ በመጨረሻው መስመር ከተማው ለብቻው፤ ሁሉም ፖስታ ላይ አንድ ዓይነት። ደብዳቤ የሚለዩት ሠራተኞች ሺሁን ፖስታ ሲያገላብጡ ዓይናቸው የሚያርፈው የታችኛው መስመር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ከጻፈ የሰሜኑ ደብዳቤ ደቡብ ይገባል። ይህን ጽፈው መስኮቴ ላይ የለጠፉት አለቃችን ናቸው። ከኪሳቸው ማስመሪያ ስለማይጠፋ በሌሉበት «ጋሽ ማስመሪያ» እንላቸዋለን።

ሰኞ ዕለት የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሰብሳቢዋ ሦስት መቶ ደብዳቤ በዘምቢል ተሸክመው መጡ። ግማሹ ላይ ከተማው ከስሙ በላይ ተጽፏል። መለስኳቸው። «ልጄ፣ ፖስተኛው ማንበብ አይችልም እንዴ?» አሉኝ። ባስረዳቸውም ፊታቸው እንደጠቆረ ሄዱ።

በማግሥቱ ሰብሳቢዋ አስተካክለው መጥተው ተሰልፈው ሳሉ፣ ጋሽ ማስመሪያ አራት መቶ ፖስታ በካርቶን ይዘው ብቅ አሉ። የልጃቸው የሠርግ ጥሪ ነው። «ቶሎ ማኅተም ምቺበት፣ የሦስት ሰዓቱ መኪና እንዳያመልጠው» አሉኝ። ገለጥ ገለጥ ባደርገው፣ ጉድ! ሚስታቸው፣ ሙሽራዋና አክስትየዋ ተከፋፍለው የጻፉት መሰለኝ። ከተማው አንዱ ላይ ከላይ ነው፣ አንዱ ላይ ከታች፣ አንዳንዱ ላይማ የአበባ ሥዕል ውስጥ ተሸሽጓል።

እትዬ፣ የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው ዓርብ ነው፤ ቋሚ የሚያደርገኝ ፊርማ ደግሞ የእሳቸው ነው። እንጀራዬን በገዛ እጄ ልደፋው ነው አልኩ። ማኅተሙን አነሣሁት። ቀና ስል ግን የሰብሳቢዋ ዓይን እኔ ላይ ተተክሏል። በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? ማኅተሙን አስቀመጥኩና «ጋሼ፣ ይህን መቀበል አልችልም፤ ትናንት እኚህን እናት በዚሁ መልሻለሁ» አልኳቸው።

ጋሽ ማስመሪያ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ፖስታ አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ከዚያ «የገዛ ወጥመዴ ያዘኝ በሉኛ!» ብለው ሳቁ። እስከዚያ ቀን እንዲያ ሲስቁ ያየ አንድም ሠራተኛ አልነበረም! አዲስ ፖስታ አስመጥተው አግዳሚው ወንበር ላይ መጻፍ ጀመሩ። ሰብሳቢዋም የራሳቸውን ደብዳቤ ካስረከቡኝ በኋላ አልሄዱም፤ «ወዲህ በሉ፣ እኔ ሌሊቱን ስለማመድ ነው ያደርኩት» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። የጠዋቱ መኪና አመለጠ፤ የከሰዓቱ ግን የሁለቱንም ይዞ ወጣ። ከወንበሩ ሲነሡ የሚዜዎቹን ቀሚስ ማኅበሩ እንዲሰፋ ተስማምተው ነበር።

ትናንት ዓርብ ጋሽ ማስመሪያ ቢሯቸው አስጠሩኝና የቋሚነቴን ደብዳቤ ሰጡኝ። ከፊርማቸው ሥር «መስኮቱን አደራ» ብለው በእጃቸው ጽፈውበታል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቋሚ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ አለው እኮ፣ እትዬ! ከሦስት ዓመት መለያየት በኋላ ልመጣላችሁ ነው። መጋቢት አሥር እነሣለሁ፤ በማግሥቱ ደጃችሁ ነኝ።

ባልሽን በጣም ናፍቀኸኛል በይልኝ። አይቻት የማላውቃትን ያቺን ትንሿን ልጅሽን ሁለት ጉንጯን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ባለሱቁን ሰላም በይልኝ። የእማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መምጣቴን ግን እንዳትነግሪያት። በሩን እሷው ትክፈትልኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ቅዳሜ፣ የካቲት 18 ቀን 1992 ዓ.ም.