የቀትር ቅጠል

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ዓይንሽ አሁንም መርፌ ላይ ክር ያስገባልሻል ወይስ እንደኔ አየሩን ትሰፊያለሽ? ባልሽ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ ጎረቤቱ ቤት ለቀቀ? እኔ ጥርሴ ከሁለት ወደ አንድ ከመውረዱ በቀር ደኅና ነኝ፤ የቀረችው ብቸኝነት እንዳይሰማት ብዬ ወሬ አበዛለሁ።

ላቦራቶሪ የምትሠራዋን የልጅ ልጄን ታውቂያታለሽ፣ ያቺን ጥያቄ የማያልቅባትን። ባለፈው ሳምንት «አባባ፣ አባትዎ ለቁስል ይሰጡት የነበረውን ቅጠል ያምጡልኝ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ልየው» አለችኝ። አባታችን ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትነካው ካልሆነ አታምጡ ይል አልነበር? እኔም አንዱን ከረጢት በማለዳ ሞላሁና ተመልሼ ተኛሁ። ሁለተኛውን በቀትር ለቀምኩ። ቅጠል ቅጠል ነው፣ ማን ያውቅብኛል ብዬ።

ልጅቷ ጋዋን አልብሳ አስገባችኝ። የሁለቱን ከረጢት ቅጠል ለየብቻ ወቅጣ፣ በአልኮል ዘፍዝፋ አጥልላው ነበር። ነጭ ዱቄት የተለቀለቀ መስታወት አወጣችና ከየጭማቂው አንዳንድ ጠብታ ጎን ለጎን አሳረፈች፤ ጠብታዋ ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም። ከዚያ መስታወቱን ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ አቆመችው። እታለሜ፣ ፈሳሹ መስታወቱን ሽቅብ ይወጣ ጀመር፤ ጠብታዎቹንም ይዟቸው ወጣ። ሲወጡ ይለያያሉ። ቢጫው ቀድሞ ይሮጣል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ቡናማው እንደኔ ወገቡን ይዞ ከታች ይቀራል። «ሁሉም የየራሱ እርምጃ አለው፤ በእርምጃው እንለየዋለን» አለችኝ። አንድ ቅጠል ብዬ ስሸመጥጠው የኖርኩት ለካ አንድ መንደር ሙሉ ኖሯል።

መብራቱን አጥፍታ ሐምራዊ መብራት ስታበራበት፣ ባዶ በመሰለኝ ቦታ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ቦግ አለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «አባባ፣ ዝንብ ይገባብዎታል» አለችኝ፤ ምላሷን ከኔ ነው የወረሰችው። ነጥቡ ታዲያ በአንደኛው ከረጢት ጠብታ መስመር ላይ ብቻ ነው። በሁለተኛው የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያም ቁስል የሚያመረቅዘውን ጀርም መስታወቱ ላይ ዘርታ አሳደረችው። በማግስቱ ጀርሙ ሁሉን እንደ ሻጋታ ሸፍኖታል፤ ያቺ ነጥብ ያለችበትን ቦታ ብቻ ንጹሕ ክብ አድርጎ ትቶታል። ሊጠጋት አልደፈረም። ዓይን የማያያት ነገር ያን ሁሉ ሠራዊት ስታቆም አየሁና ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«ሁለተኛው ከረጢት ከሌላ ዛፍ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያው ነው አልኳት።

«ታዲያ መቼ ለቀሙት? ፀሐይ ሲሞቀው ያቺ ነገር ተንና የምትሄድ ይመስለኛል።»

በሰማንያ ዓመቴ በመስታወት ተያዝኩ። ልስቅ ስል ግን እግርሽ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ማጭድ የቆረጠሽ ጊዜ አባታችን በየማለዳው ቅጠል እንዳመጣ የሚልከው እኔን ነበር። እኔ እተኛ ነበር። በቀትር ለቅሜ፣ ጤዛ እንዲመስል ውኃ ረጭቼ እሰጠው ነበር። ቁስልሽ ክረምቱን ሙሉ አመረቀዘ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ታነክሻለሽ። አባታችንም «እጄ ከዳኝ» ብሎ ከዚያ ወዲያ ለማንም ቅጠል ሳይሰጥ ሞተ። አንቺ «የአባባ መድኃኒት ሣር ነው» ስትዪ አብሬሽ ስቄያለሁ። ሣር አልነበረም፤ እጁም አልከዳውም። የከዳሁት እኔ ነኝ።

ልጅቷ ገና በሌላ መሣሪያ መዝነን፣ ምንነቷን እናጣራለን፣ በአንድ መስታወት አይፈረድም ትላለች። እሷ ታጣራ። እኔ ግን ፍርዴን ካንቺ እጠብቃለሁ። ብትቆጪም ጻፊልኝ፤ ዝም አትበዪኝ።

ለባልሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፣ ከነማንኮራፋቱ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለአስተማሪዋ፣ ጉንጯን ሳሚልኝ። ለታናሹ፣ ለሹፌሩ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ በዪው። ለልጅ ልጆችሽ ሁሉ በየቁመታቸው።

በፖስታው ውስጥ አንድ ቅጠል አለ። ሲደርስሽ ደርቆ ይሆናል። ወረቀቱን ያራሰው ግን ጤዛ ነው፤ የራሱ ጤዛ።

ወንድምሽ

ከልጄ ቤት፣ ከጓሮው ዛፍ ሥር
መጋቢት 12 ቀን፣ ፀሐይ ሳትወጣ