የአቶ ገለታ ጅሩ የሕይወት ታሪክ፦ ከክራር እስከ አራቱ ጊታሮች

አቶ ገለታ ጅሩ ከአባታቸው ከኦቦ ጅሩ ዋቆና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጉዴ ሌታ ኅዳር 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በደንዲ ወረዳ፣ ጊንጪ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የጭልሞ ደን ጠባቂ ነበሩና እንጨትን አንኳኩቶ በድምፁ መለየትን በልጅነታቸው ተማሩ። ጊንጪ ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘለቁ። ከዚያ በላይ የሚያስተምራቸው ዘመድ ስላልተገኘ (ዘመዶቹ ዛሬ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አሉ) አምቦ ገብተው አናጺ ሆኑ። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካለች ብዙነህ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሃዊንና ሮቤራን አፈሩ። በሥራ ቀን መጋዝ፣ በበዓል ክራር፤ ኑሯቸው ይኸው ነበር።

በ2006 ዓ.ም.፣ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ከቅዳሜ ገበያ አሮጌ ጊታር ገዙ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ በዚህ ከተማ ጊታር የሚያውቅ ሰው መባል። ጊታር ዓይነት ዓይነት እንዳለው ግን ማን ነገራቸው? ክራሩ ስድስት ክር፣ ጊታሩም ስድስት ክር ነውና በትዝታ ቅኝት ቃኙት። በግራ እጃቸው ክሩን እያፈኑ፣ በቀኛቸው እየገረፉ፣ ጣት ክሩን የሚጫንበትን አንገቱን ጨርሰው ሳይነኩ ተጫወቱበት። በከተማው ስመ ጥር የነበረ አንድ የሰርግ ባንድ መሪ የአናጺ ቤታቸው በር ላይ ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፦

«ኦቦ ገለታ፣ ታዲያ አንገቱን ለምን ገዙት? ቆርጠው ለማገዶ ያድርጉት እንጂ!» አላቸው።

ቃሉ ከተማውን ዞረ። ሻይ ቤት ሲገቡ «አንገቱ ደህና ነው?» የሚል አይጠፋም ነበር። ድምፁ አነሰኝ ብለው የብረት ክር ቢያስሩበት ደግሞ ክሩ የሚታሰርበት እንጨት ከነሙጫው ተገንጥሎ ወጣ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያላቸው የሥጋ ዘመድ ነው፤ ስም አንጠራም።

እሳቸው ግን አናጺ ናቸው። የተገነጠለውን ከፍተው ውስጡን አዩ። ደረቱ፣ ማለትም የፊቱ ጣውላ፣ ስስ ነው፤ ለናይለን ክር የተሠራ ክላሲካል ጊታር ኖሯል። እየጠየቁም ሌሎቹን ዓይነቶች ለዩ፤ የብረት ክር የሚችለው ከውስጥ በጠንካራ እንጨት የተደገፈው አኮስቲክ ነው። ኤሌክትሪኩ ደረቱ ድፍን ስለሆነ ያለ አምፕሊፋየር ከሹክሹክታ አያልፍም። ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ቤዝ ጊታር አራት ክር ብቻ ስላለው ለጀማሪ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እሳቸው «ቤዝ የቤት ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ደግሞ ቀላል ነው ያለው ማነው?» ይሉ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ አራቱንም ገዝተው ፈቱ፣ ገጠሙ። አንገቱ ላይ ጣት አያያዝን አዲስ አበባ እየተመላለሱ ከልጃቸው ከሚያንስ መምህር ተማሩ። አላፈሩም።

በጥር 2011 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ሰርግ ተጠርተው ሄዱ። የሚጫወተው ያው ባንድ ነበር። ሙሽሮቹ ገና ሲገቡ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። ኤሌክትሪኩ፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱ ሁሉም ድዳ ሆነ። አቶ ገለታ ለሙሽሮቹ አንድ ዜማ ሊያበረክቱ ይዘውት የመጡትን አኮስቲክ ከከረጢቱ አወጡ። የሰርጉ ድንኳን በሙሉ ለጭፈራ ተነሣ! አማርኛውን ከኦሮምኛው እያፈራረቁ ሙሽሮቹ እስኪወጡ አስጨፈሩ። የሙሽራው አክስት በኦሮምኛ አጠራር «ያ ገለታ! አንተ ካለህ መብራቱ ይቅርብን!» ብለው እልል አሉ። የባንዱ መሪ ቆሞ ከማጨብጨብ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የአናጺ ቤታቸው ትምህርት ቤት ሆነ። ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ ከሐሮ ወንጪ ሳይቀር ተማሪ መጣ። አራቱን ጊታሮች መላጊያው ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «ዓይንህ አይምረጥ፣ እጅህ ይምረጥ» እያሉ ሁሉንም ሳያስነኩ ማንንም አያስገዙም ነበር። በ2013 ዓ.ም. የባንዱ መሪ ራሱ «ለልጄ የቱን ልግዛላት?» ብሎ መጣ። ወንበር ስበው አስቀመጡት፤ ጣቷ ገና ለስላሳ ነው፣ በናይለን ትጀምር አሉት። ልጅቷንም አስተማሩለት። ቂም አልያዙም፤ ቂሙን የያዘላቸው ቤተሰቡ ነው።

አቶ ገለታ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና አርባ አንድ ተማሪዎችን ትተዋል። እስከ ዛሬ በአምቦ ጊታር ልገዛ ብሎ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ገለታን ጠይቀሃል?» የሚል ነው። የሳቀባቸው ሁሉ ይህን ሰምቶ ይሸኛቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍ፤ ድል ያደረጉበትን ትዕግሥት ለልጆቻቸው ያውርስ። አሜን።