ኡራጓይ ላይ የሰካሁት ስፒል

አስካለ፣ ዋሽተሽኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በገዛ ቤቴ፣ ዐይኔ ደክሟል ብለሽ ዋሽተሽኛል።

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሞላ። በወፍራም ማርከር ነው የምጽፍልሽ፤ አንድ ገጽ አሥር መስመር እንኳ አይዝልኝም። የሬይኖልድስበርጉ ቤታችን እንዳለ ነው። ልጃችን ቤቱን ሸጠህ ከእኔ ጋር ኑር ትለኛለች፤ እምቢ ብያለሁ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የዓለም ካርታም አልተነሣም።

ሚሎራድ ቤታችን የገባበትን ቀን አትረሺውም። የሰርቢያው ሰውዬ፣ የቅርጫት ኳስ ሴንተር፣ ጎንበስ ሳይል በር የማያልፍ። እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ፣ ለአንድ ትንሽ ቡድን ሊጫወት መጥቶ ክፍል ሲፈልግ፣ "ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ገናን የምናከብረው ከእናንተ ጋር በአንድ ቀን ነው" አለሽና በቃ፣ ልጅሽ ሆነ። አልጋው ሲያጥረው በጣውላ የቀጠልኩለት እኔ ነኝ። ጨዋታውንም ከላይብረሪ መጽሐፍ ተውሼ ብቻዬን ተማርኩት። ሴንተር ማለት ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ የሰው ክርን የሚቀበል ማለት ነው። ወደድኩለት።

ጉልበቱን ታሞ አገሬ ልግባ ያለ ጊዜ በሩን ደብድቤ፣ "ሥራውን ጥሎ የሚመለስ ሰው በዚህ በር አይገባም!" አልኩት። ተነሣ፣ ተጫወተ። ከዚህ ቱርክ ሄደ፣ ከቱርክ ግሪክ፣ ከግሪክ ሊትዌኒያ፣ ከዚያ ኢራን። በሄደበት ሁሉ ካርታው ላይ አንድ ስፒል ሰካሁ። ዐይኔ ሲደክም አንቺ መልእክቱን ከስልክሽ እያነበብሽልኝ፣ ጣቴን ይዘሽ ቦታውን ታሳዪኝ ጀመር።

ከኢራን በኋላ ሊባኖስ ነው አልሽኝ። ቀጥሎ ኮሪያ። ቀጥሎ ኡራጓይ። "እዚያ ይበርደው ይሆን?" ስልሽ፣ "ጃኬት ገዝቷል፣ አንተ ደግሞ!" ብለሽ ሳቅሽ። በገና ዕለት ኮል ሲያደርግልን "ጋሼ፣ እዚህ ዝናብ ነው" አለኝ። በእኛም ጣሪያ ላይ ይዘንብ ነበር። ዓለሙ ሁሉ ዘነበ ብዬ አለፍኩት።

ለቅሶሽ ላይ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ያነክሳል። ከኡራጓይ ድረስ መጣ ብዬ ልነሣለት ስል የእድራችን ሴቶች ቀደሙኝ። "ሚሎ፣ ወንበሮቹን ከመኪናህ አውርዳቸው እንጂ! ምሳ በልተሃል?" እሱም በአማርኛ፣ "እሺ እትዬ፣ በልቻለሁ" አለ።

እድርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሦስቱን ዓመት እዚሁ ግሮቭፖርት ከተማ ትራክ እየነዳ፣ በእረፍቱ ቀን የእድሩን ወንበር እያመላለሰ ኖሯል፤ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ። በራሴ ቤት እንግዳው እኔ ሆንኩ።

ጠየቅሁት፤ አልደበቀኝም። ኢራን ላይ ጉልበቱ ዳግመኛ ተጎድቶ ጨዋታ አቁሟል። "ጋሼ በሩን ይዘጋብኛል፣ አትንገሪው" ብሎሻል። አንቺም እሺ ብለሽዋል።

ያልኩትን ብያለሁ፣ አልክደውም። እሱ አፍሮ ነው፤ እሱን ተውኩት። አንቺ ግን አርባ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ፣ ይህ ሰው እውነት ቢነገረው በሩን ይዘጋል ብለሽ ሳትጠይቂኝ ፈረድሽብኝ። ምናልባት እዘጋው ነበር። ምናልባት። ግን መዝጋቱም መክፈቱም የእኔ ነበር። ያን ምርጫ ነው የወሰድሽብኝ።

ትናንት ሦስቱን የውሸት ስፒሎች ነቀልኩ። ግሮቭፖርት በዓለም ካርታ ላይ የለችም፤ ኦሃዮ ራሷ ጥፍር ታህላለች። ማንም ጣቴን ሳይዝልኝ፣ እየዳበስኩ አንዱን መልሼ ሰካሁት። ጎረቤቷ ኢንዲያና ላይ አርፎ ይሆናል።

ለገና ይመጣል። በስልክ ሳይሆን በበሩ ና ብዬዋለሁ። አላቀፍኩትም። የአልጋውን ጣውላ ግን አላነሣሁትም።

ጣቴን ይዞ ካርታው ላይ የሚመራኝን እጅሽን እስክሞት አልረሳውም፤ የዋሸኝ ያው እጅ ቢሆንም። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም። ይህን ነገር ዛሬ ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ ለእሱም፣ ለካህንም፣ መቃብርሽ ላይ ቆሜ ለአንቺም አላነሣውም።