ሁለት ነበርን

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ምናልባት ቢታመሙም፣ የታመመው ማን እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከአጠገብዎ አይጥፋ።

እኔ ከመንትዮቹ የቀረሁት ነኝ። በግራ እጇ እየቆረጠች፣ ለራሷ እያንጎራጎረች ኮሌታ የምትሰፋው እህቴ ነበረች፤ እኔ ቁልፍ ተካይዋ ነኝ። ይህን ማብራራቴ፣ እርስዎ ሁለታችንንም «መንታዋ» እያሉ ሲጠሩን ስለኖሩ ነው። ስለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው፦

፩. ጥርሴን ባመመኝ ቀን ክሊኒክ እንድሄድ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። በማግስቱ እህቴ ሆዷን ይዛ፣ ላብ አጥምቋት ቢሮዎ በር ላይ ስትቆም፣ «ትናንት ሄደሽ የለም እንዴ?» አሏት። «የሄደችው እህቴ ናት» ብትልዎ፣ «በዚህ መልካችሁ ስንቴ ልትሸውዱኝ ነው?» ብለው እየሳቁ መለሷት። በሩ አጠገብ ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛችን ቃል በቃል ነግራኛለች። እኔ ከመጋዘን ስመለስ እህቴን ግንባሯን ማሽኑ ላይ ደፍታ አገኘኋት። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኖሮ ሐኪሞቹ ሊያተርፏት አልቻሉም።

፪. ሥራ በሚበዛብዎ ሰዓት ለቅሶ ስለደረሱን አመሰግናለሁ። እጄን ይዘው፣ «አይዞሽ፣ አንቺን ስናይ እሷን እንዳየን ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ እሷን ሲያዩም ያዩት እኔን ነበር።

፫. ከሐዘን ስመለስ «እጁ ያው አይደል?» ብለው እህቴ ወንበር ላይ ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። ወንበሩ ላይ ሹራቧ እንደተንጠለጠለ ነበር። መቀሷን ባነሳው ለግራ እጅ የተሠራ ስለሆነ አልታዘዝ አለኝ። ሹራቧን ይዤ ተነሣሁ። ከኋላዬ «መንታዋ! ወዴት ነው?» ብለው ሲጣሩ ሰምቻለሁ፤ እኔን ይሁን እሷን ስላላወቅሁ አልዞርኩም።

ወደዚያ ወንበር እንደማልመለስ በትሕትና እያስታወቅሁ፣ ለቦታው ሰው ሲቀጥሩ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ፊቷን እንዲያዩላት እለምንዎታለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
ያልሞተችው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ገና አፏን በመፍታት ላይ ያለች ሴት ልጅ አለቻት። ከጀርባችን እያየች እንኳ እኔንና እናቷን አምታታ አታውቅም፤ እንዴት እንደምትለየን ታስረዳዎ ዘንድ ላመጣልዎ አስቤ ነበር። አሁን የምታድገው እኔ ዘንድ ነው። በር ስከፍት እየሮጠች ትመጣለች፤ ቀና ብላ አይታኝ አክስቷ መሆኔን ስታውቅ፣ በጎኔ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ የሚገባ ሰው ትጠብቃለች።