የእማማ ሳል ያለበት ሸክላ

ቮሎስ፣ በሐዋርያት ጾም

ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የሚያስቸግርሽ ትከሻሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ? ሽቱትጋርት ዘንድሮም ሰኔን ከነካፖርቷ ነው የምታሳልፈው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። አባባ አሁንም ይሳደባል። ጎረቤታችን እትዬ ስታማቲያ ዶሮዎቿን በኛ ቲማቲም ላይ መልቀቋን አልተወችም፤ ሰላምታዋን ግን አደራ ብላኛለች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «የሐምሌ ሰርግ ካልወጣ እዚያ ቤት ደጃፍ አልደርስም» የምትለዋን መስመር እንዲያ አጥብቀሽ አስምረሽባት ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ እኔ የመረጥኩት ሌላውን ሸክላ ነው። ተቆጪ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከአቴንስ የመጣው ሰው ፔሪክሊስ ይባላል። የድሮ ሸክላዎችን በሲዲ እያሳተመ ያወጣል። አባባ ድሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘፍኖ ያወጣቸውን ሁለቱንም ሸክላዎች ሰውየው በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ሊያሳትም የሚችለው ግን አንዱን ብቻ ነው። አባባን ምረጥ ቢለው ምን ቢመልስለት ጥሩ ነው? «ከሁለቱ ዓይኖችህ የቱን ትወዳለህ ብልህ አንተስ ምን ትለኛለህ?» ሰውየው ቢለምነው ቢለምነው፣ «ልጄ ትምረጥ፤ ለእህቷም እሷው ትንገራት» አለና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። ማለቴ የተኛ መሰለ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሸክላ ማጫወቻውን ወይን ሐረጉ ሥር አወጣሁት። አባባ፣ ፔሪክሊስና እትዬ ስታማቲያ ነበሩ። በሁለቱም ሸክላ ላይ ከአባባ ጎን ቡዙኪ፣ ያን ክራር መሳይ፣ የተጫወተው ዚሲስም መጣ፤ ፀጉሩ አልቋል፣ ምላሱ ግን እንደነበረ ነው።

መጀመሪያ ያንቺን፣ የሐምሌ ሰርግን፣ አስቀመጥኩ። ላዳላ አልፈለግሁም። ቫዮሊኖቹ ሲገቡ እኔም እንደ ድሮው ሆድ ባሰኝ፤ የተሞሸርኩት በዚህ ሸክላ አይደል? አንቺም ጀርመን ስትሄጂ ባቡር ላይ ጭንሽ ላይ አድርገሽ የወሰድሽው እሱን ነው። እትዬ ስታማቲያ ሽርጧን እንዳሰረች ተነስታ ጨፈረች፣ ያውም በዚያ ጉልበቷ። ዚሲስ ግን፣ «እዚህ ላይ እኔን ለመስማት ጠበቃ ማቆም ያስፈልጋል፤ ቫዮሊኖቹ ከነነፍሴ ቀብረውኛል» አለ። «እንኳን ቀበሩህ! ያኔ ከስካር መቼ ነቅተህ ታውቃለህ?» ብላ እትዬ ስታማቲያ አሳቀችን።

ያምራል እታለም፣ አልክድሽም። አንድም ቦታ አይሳሳትም። ግን አባባን ልብ ብለሽ ስሚው። የኛ አገር ሰው ሲናገር የቃሉን ጅራት ይውጣል፤ ይሄን የቀረጹት አቴንሶች ግን እያንዳንዷን ድምፅ እንዲያወጣ አስጠንቅቀውታል። ስለዚህ ሰው ቤት ገብቶ ምንጣፍ እንዳያቆሽሽ የሚጠነቀቅ እንግዳ ይመስላል። የሚዘፍነው ለማያያቸው ሰዎች ነው።

ከዚያ ሌላውን፣ «መሬት የወጣች ጀልባ»ን፣ አስቀመጥኩ። በዚያው ዓመት፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ ወደቡ ላይ ባለው ባዶ የትምባሆ መጋዘን የተቀረጸው ነው። ጉድለቱን አልደብቅሽም። ስለ እስረኛው የሚያወራው ዘፈን ይጎተታል። አንዱ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ዚሲስ አንድ ቦታ ላይ ይስታል፤ እሱ ራሱ «ያውላችሁ ሳትኩ!» እያለ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ተደሰተ። አባባ ግን እንደሚያወራው ነው የሚዘፍነው። የሚውጠውን ይውጣል፤ ሲደክመውም ደክሞት ይሰማል። ከበስተኋላው ደግሞ እየተቀበለችው እማማ አለች።

ይሄን ሸክላ አንድ ቀን እንኳ ሰምተሽው እንደማታውቂ አውቃለሁ። በቀጣዩ ዓመት በዓቢይ ጾም እማማ ስታርፍ የምትሠሪበት ፋብሪካ ፈቃድ ከለከለሽና ቀብሯ ላይ አልደረስሽም። ማንም አልወቀሰሽም፤ እኔም አልወቅስሽም። አንቺ ግን እሷ ያለችበትን ነገር ሁሉ ዘጋሽው፤ ይሄን ሁሉ ዘመን እሷ የሌለችበትን ሸክላ ይዘሽ ኖርሽ።

ሦስተኛው ዘፈን አልቆ አራተኛው ሳይጀመር ትስላለች። አፏን በእጇ ይዛ ነው፣ ያስታውቃል። ከዚያ ቀስ ብላ አባባን፣ «ቀጥል፣ ምንም አልሆንኩም» ትለዋለች። እትዬ ስታማቲያ ማማተብ ጀመረች። ፔሪክሊስ ሊያጽናናን ብሎ፣ «እሱ አያሳስባችሁ፤ ዛሬ መሣሪያ አለን፣ ሳሉንም ንግግሩንም አጥፍተን ንጹሕ እናደርገዋለን» አለ።

አባባ ባርኔጣውን አነሳ። «ምኑን ነው የምታጠፋው?»

«ሳሉን፣ አባቴ።»

«እሷ ትንፋሿን ጨርሳ የዘፈነችውን አንተ ታጠፋለህ? ሂድና የራስህን አያት አጥፋ!» ብሎ ሊነሳ ሲል ዚሲስ ክንዱን ያዘው። ምስኪኑ ፔሪክሊስ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

እኔም ተነሳሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከየት እንዳመጣሁ አላውቅም። የምታወጣው ይሄኛውን ነው አልኩት። ሳሉን አትነካም። ሽፋኑ ላይም ከአባባ ስም ጎን የእማማን፣ አግላያ ብለህ፣ ትጽፋለህ፤ ያኔ አሳታሚዎቹ «የሚስት ስም ለምን?» ብለው ትተውባታል። እሱም በጨዋ አነጋገር፣ ሰው የሚያውቀው የሐምሌ ሰርግን ነው፣ ይሄን እዚሁ ቮሎስ እንኳ የገዛው ጥቂት ነው አለኝ። ለዚህ ነዋ፣ አልኩት። የሐምሌ ሰርግ በየቤቱ አለ፣ አይጠፋም። ይሄ ግን ከእኛ ጋር ነው የሚቀበረው። ሰውየው አረቄውን ጨለጠ፣ አባባን አየ፣ እኔን አየ፣ እሺ አለ።

አሁን አንቺ፣ «ሙዚቃውን ሳይሆን እማማን ነው የመረጥሽው» ትይኛለሽ። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሽንኩርት እየላጥኩ ብቻዬን ሁለቱንም ደግሜ ሰማኋቸው። በሐምሌ ሰርግ እያንጎራጎርኩ ሥራዬን ጨረስኩ። በሌላው ግን ቢላዋውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ፤ ምሳም ዘገየ። እማማ ያልገባችባቸው ዘፈኖች ላይም እንደዚያው ነው የሆንኩት። ሙዚቃ ከዚህ ሌላ ምን እንዲያደርግ ይፈለጋል? ይበልጣል እታለም። ሺህ ጊዜ ብታሰምሪም ይበልጣል።

ስለ አባባም ልጻፍልሽ። ባለፈው ሳምንት የራሱን ቡዙኪ ለዚሲስ ሰጠው። «ከበደኝ» ነው ያለው። ዚሲስ፣ በሁሉ ነገር የሚቀልደው ዚሲስ፣ መሣሪያውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሄደ። ማክሰኞ ቄሱን ቤት ድረስ አስጠርቶ ተናዘዘ፤ ቆረበም። ጥቁር ሙሉ ልብሱን ከሣጥን አስወጥቶ በረንዳ ላይ እንዳሰጣው አደረገኝ። ለነሐሴዋ ማርያም ነው ወይ ብለው «አይ» አለኝና፣ ካንቺ አገር ባቡሩ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ዛሬም ጠይቆኛል።

አንቺ ሁልጊዜ የምትመጪው ለነሐሴዋ ማርያም ነው። ዘንድሮ አትጠብቂያት። ይሄን እኔ ነኝ የምልሽ፤ እሱ አላለም። መጥተሽ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ተቆጪኝ፣ ጎረቤት ይስማ፣ ግድ የለኝም። አልጋሽን መስኮቱ ሥር አንጥፌልሻለሁ።

የባሕሩም የየብሱም መንገድ ይቅናሽ፤ እመቤታችን ከፊትሽም ከኋላሽም ትሁን። ልጆችሽን በአያታቸው ስም ሳሚልኝ።

የምትወድሽ፣ እልኸኛዋ
ታናሽ እህትሽ